በጊታሩ ሆድ ውስጥ የተቆረጠው ሽቦ

አቶ ያየህ ጊታራቸውን እንዳቀፉ ሞተው የተገኙት በፍልሰታ ጾም ሁለተኛ ሳምንት፣ አርብ ቀትር ላይ ነበር።

ኢንስፔክተር ባየች ስትደርስ አስከሬኑ ገና ከወንበሩ አልተነሣም። ቤቱ ወረታ ውስጥ ከደብረ ታቦር መገንጠያ ዝቅ ብሎ፣ ወደ ሩዝ ማሳው በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ክረምቱ ገፍቶ የፎገራ ሜዳ ውኃ ተኝቶበታል፤ እርጥበቱ ከሥር እየሰረገ የሥራ ክፍሉን የአፈር ወለል አጨቅይቶታል። ሟቹ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው በባዶ እግራቸው ተቀምጠዋል። ከፊታቸው አሮጌ አምፕሊፋየር፣ ከኋላቸው ሆዳቸው የተከፈተ ሬዲዮኖች አሉ። ስድሳ ሁለት ዓመታቸው ነበር፤ በወጣትነታቸው በኪነት ቡድን ጊታር ተጫውተዋል፣ ከዚያ ወዲህ የከተማውን ሬዲዮ ሁሉ ሲጠግኑ ኖረዋል።

ባየች የይፋግ ልጅ ናት። አርባ አራት ዓመቷ ነው፤ ስትመረምር ከመጠየቅ ይልቅ ዝም ማለት ይቀናታል። ተንበርክካ የሟቹን ግራ እጅ ገለበጠችው። በአራቱ ጣቶች ጫፍ፣ የብዙ ዘመን ጨዋታ ባደነደነው ቆዳ ላይ፣ ቀጫጭን የቃጠሎ መስመሮች አሉ።

«ኤሌክትሪክ ነው» አለ ሳጅን መባ ከበሩ። «ነገሩም ያለቀ ነው። ሐሙስ ጧት ምሰሶው በጎርፍ ወድቆ፣ የዚህን ቤት መስመር መልሶ የቀጠለው የኔነህ የሚባል ኤሌክትሪሺያን ነው። ሰኔ ላይ ልጃቸውን መስከረምን ለማግባት ሽማግሌ ልኮ አቶ ያየህ መልሰውበታል። ያን ቀን ባጃጅ ተራው ላይ ቆሞ ‹ያዩታል› ብሏል። አራት ሰው ሰምቶታል። አስገብተነዋል።»

«ጊታሩስ?»

«ጊታሩ ንጹሕ ነው። አስከሬኑን ያገኙት ጓደኛቸው አቶ ዋሴ ነግረውኛል። ክሮቹን ከአምፕሊፋየሩ ብረት ጋር የሚያገናኝ አንድ ሽቦ ነበር፤ እሱም ከተቆረጠ አርባ ዓመቱ ነው አሉ።»

«ጠይቀሃቸው ነው?»

መባ አሰበ። «አይ። ራሳቸው ናቸው ያነሡት።»

ደጅ ላይ ጠመንጃ ያነገቡ ረጅም ሽማግሌ ቆመዋል። የሟቹ ታላቅ ወንድም አቶ ኃይለ ሚካኤል ናቸው፤ ከማሳቸው እስከ ጉልበታቸው ጭቃ እንደሆኑ መጥተዋል። ባየች ስትወጣ መንገዷን ዘጉ።

«እኅቴ፣ እኔ ሕግ አላውቅም። እስከ ሠልስቱ የወንድሜን ገዳይ ስም ስጪኝ። ያንን ልጅ ብትለቁትም በየትኛው መንገድ ወደ ቤቱ እንደሚገባ አውቃለሁ።»

«ገዳይ ከሌለስ?»

«ሰው በገዛ ቤቱ በተቀመጠበት እንዲያው ይሞታል?»

ባየች ጠመንጃውን አየች። የኔነህ ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። እስከ እሑድ እውነቱ በዘመድ ሁሉ ፊት ካልወጣ፣ ፍርድ ቤት ቢለቀው እንኳ ሩዝ ማሳ ውስጥ ወድቆ እንደሚገኝ ገባት።

አቶ ዋሴ አጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። በኪነቱ ዘመን ከሟቹ ጎን ቆመው ቤዝ ጊታር ይጫወቱ ነበር፤ አሁን ይፋግ ይኖራሉ። ባየች ፊታቸው ቆማ ዝም ብላ ስታያቸው ቀና አሉ።

«የይፋጉ የእንግዳው ልጅ አይደለሽም? አባትሽ በሬ ሲጠፋበት እንኳ እንዲህ አያፈጥም ነበር።»

«ለዚህ ነዋ በሬዎቹ ያልተገኙት» አለች ባየች። «ሲገቡ ምን አዩ?»

«ገበያ ውዬ ሰላም ልለው ብገባ ያንን አየሁ። ሶኬቱን ነቀልሁ። ጮኽሁ።»

«ወዲያው?»

«ወዲያው።»

«ሽቦው መቆረጡንስ መቼ አዩ?»

ሽማግሌው እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱ። «ድሮም አውቀዋለሁ። ሲቆርጠው ነበርሁ።»

«ለምን ቆረጡት?»

«የድሮ ነገር ነው፣ ልጄ።»

ከመንገዱ ማዶ ጠላ የምትሸጠው ሰብለ ወንጌል ግን ሌላ ነገረቻት። «ጋሽ ዋሴ ሲገቡ ሽንብራዬን እሳት ላይ ማድረጌ ነበር። እየጮኹ የወጡት ቆልቼ፣ አውጥቼ፣ ሁለተኛ ዙር ከጨመርሁ በኋላ ነው።»

የድሮውን ነገር የተናገሩት አቶ ኃይለ ሚካኤል ናቸው። «የዋሴ ወንድም የሞተው ከዚህ ጊታር ጋር ነው። የኋላሸት ይባላል፤ ዘፋኝ ነበር። መድረክ ላይ አንድ እጁን በክሩ፣ ሌላውን በማይክሮፎኑ ላይ አደረገ፤ በዚያው ቀረ። መሣሪያውን ያገጣጠመው ወንድሜ ነው። ዋሴ ሁለት ዓመት ሙሉ አላናገረውም። ያየህም ስሙ ሲነሣ ከቤት ይወጣ ነበር፤ ለገዛ ልጁም አልነገራት።»

መስከረም የአባቷን ሞት የሰማችው ከቅዳሴ ስትመለስ ነው። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ አዲስ አበባ አንድ የሞባይል ጥገና ሱቅ ውስጥ ትሠራለች። ባየች አጠገቧ ስትቀመጥ ነጠላዋን ከፊቷ ገለጥ አደረገች።

«ጊታሩ ላይ ያለው ዕቃ አዲስ ይመስላል» አለች ባየች።

«ፒካፕ ነው። እኔ ነኝ የገጠምሁት፣ ሐሙስ ከሰዓት። አባዬ ለቅሶ ሄዶ ነበር፤ ሲመለስ ተዘጋጅቶ እንዲያገኘው ብዬ። የሱ ዓይን ቀጭን ሽቦ አያይለትም።»

«ፒካፕ ምንድን ነው?»

«ማግኔት ነው። ከጸጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ ይጠመጠምበታል። ከክሮቹ ሥር ሆኖ ንዝረታቸውን ወደ አምፕሊፋየሩ የሚልከው እሱ ነው።» ጥያቄው ትንሽ ያሳረፋት መሰለ። «የዚህ ጊታር የመጀመሪያዎቹ ድሮ ተቃጥለዋል። አንዱን ከተሰበረ የጃፓን ጊታር አውጥቶ ተክቶታል፤ ሌላውን በእናቴ ስፌት መኪና ራሱ ጠምጥሞት ነበር። ዘንድሮ እሱም ዝም አለ። እኔ ሁለት ዓይነት ይዤለት መጣሁ።»

«ልዩነታቸው ምንድን ነው?»

«አንደኛው ሁለት ጥቅል ጎን ለጎን ያለው ነው። ድምፁ ወፍራም ነው፤ ጸጥ ያለ። ሁለተኛው አንድ ጥቅል ብቻ ነው። ጥርት ይላል፣ ግን ከተከፈተ ጀምሮ ያጉረመርማል። አንድ ጓደኛዬ አንዱን ዜማ በሁለቱም ተጫውቶ ስልኬ ላይ ቀድቶልኝ ነበር። አባዬን ዓይኑን አስጨፍኜ አሰማሁት። ሦስት ጊዜ። ወፍራሙን ይመርጣል ብዬ ነበር። ‹የሚያጉረመርመውን ግጠሚልኝ› አለኝ።»

«ለምን?»

«እናቴ ኪነቱ ውስጥ ትዘፍን ነበር። የቀረን አንድ ካሴት ነው። ከድምፅዋ ሥር ያ ጉርምርምታ አለ። ‹እሱ ከሌለ ብቻዋን የቆመች ይመስለኛል› አለኝ።» መስከረም ጉልበቷን አቀፈች። «እኔም እሺ አልሁት። ግን ሲጫወት ዜማውን እንዳይሸፍንበት፣ እጁ ክሩን ሲነካ ቀነስ እንዲል የምችለውን አደረግሁ። ውስጡን ጠረግሁ፣ የላላውን አጠበቅሁ። ስምንቱንም ብሎን መልሼ አሰርሁ። ጾሙ እስኪፈታ አይነካውም ብዬ ነበር። አላስቻለውም መሰለኝ።»

ባየች ተነሣች። በሩ ላይ ደርሳ ቆመች፤ ልትጠይቃት የሚገባ አንድ ጥያቄ ነበር። ሳትጠይቃት ወጣች።

የኔነህ ጣቢያ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ አንገቱን ደፍቶ ነበር።

«‹ያዩታል› ማለትህ ምን ነበር?»

«ሱቅ ከፍቼ፣ ሰው ሆኜ ያዩኛል ማለቴ ነው። ደግሞ ተቆጥቼ ነበር። ሽማግሌ የተመለሰበት ሰው ምን ይላል?»

«ተቆጥተህ ግን ሐሙስ መስመራቸውን ቀጠልህ።»

«ታዲያ መስከረም ጨለማ ውስጥ ታምሽ?» አለ።

ባየች ማስታወሻዋን ገለጠች። «ከምሰሶው የመጡትን ሁለት ሽቦዎች ለይተሃል? ኤሌክትሪክ ያለበትን ከሌለበት?»

ፊቱ ተለወጠ። «ዝናብ ነበር፣ መሰላሉም ይንሸራተት ነበር። ሁለቱም ጥቁር ናቸው። አምፖሉ በራ፣ ወረድሁ። ለአምፖል ቢገለባበጥም ልዩነት የለውም።» ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «ለምንድን ነው የጠየቁኝ?» አለ።

ቅዳሜ ከቀብር መልስ ባየች መባን ይዛ የሥራ ክፍሉን ዘጋች። መጀመሪያ ጊታሩን አገላበጠችው። ፊቱ ላይ ያለው ሽፋን በስምንት ብሎን መታሰር ሲገባው ያሉት ሦስት ብቻ ናቸው፤ አንዱም ተጣሞ ገብቷል። ሽፋኑን አነሣችው። ክሮቹ ከታሰሩበት ብረት የሚነሣው አረንጓዴ ሽቦ መሐል ላይ ተቆርጧል።

«እንዳሉት ነው» አለ መባ።

«ቁራጩን እየው። መዳቡ ያበራል። አርባ ዓመት የቆየ መዳብ ይጠቁራል።»

የሽቦው አንድ ጫፍ ብረቱ ላይ፣ ሌላው ወደ አምፕሊፋየሩ ብረት በሚወስደው የመሬት መስመር ላይ ተበይዷል። ሁለቱም ብየዳዎች አዲስ፣ ንጹሕና ክብ ናቸው፤ ፒካፑን ካገናኙት ብየዳዎች አይለዩም።

ከዚያ የአምፕሊፋየሩን ሶኬት አነሣች። በአንድ ጎኑ ቀይ ቀለም ተቀብቷል። መባ ከጎረቤት ጠይቆ መጣ፤ አቶ ያየህ ሁልጊዜ ቀዩን ወደ ላይ አድርገው ይሰኩት ነበር፤ ያ አሮጌ መሣሪያ ሲገለበጥ ብረቱ ይነዝራል። ባየች ቀዩን ወደ ላይ አድርጋ ሰካችው፣ ቴስተሩን ብረቱ ላይ አሳረፈች። የቴስተሩ መብራት በራ። ገልብጣ ስትሰካው ጠፋ።

ሶኬቱን ነቅላ ወለሉ ላይ አኖረችው። «መባ» አለች በመጨረሻ፣ «ባላውቀው ይሻለኝ ነበር።» ያን ዕለት ሁለት ጊዜ መስከረም ወዳለችበት ክፍል ሄዳ ከበሩ ተመለሰች።

እሑድ፣ በሠልስቱ፣ ለቀስተኛው ጥቂት ሲቀል አምስት ሰዎችን የሥራ ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበች። አቶ ኃይለ ሚካኤል ጠመንጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀመጡ። አቶ ዋሴ ግድግዳውን ተደግፈዋል። መስከረም አባቷ ወንበር አጠገብ ሳጠራ ላይ ናት። መባ የኔነህን ይዞ ሲገባ የሽማግሌው እጅ ጠመንጃው ላይ ጠበቅ አለ።

«አቶ ያየህን የገደለው ከክሮቹ ተነሥቶ በባዶ እግራቸው ወደ እርጥቡ ወለል ያለፈ ኤሌክትሪክ ነው» ብላ ጀመረች ባየች። «የጣታቸው ቃጠሎ ከክሮቹ ጋር ልክ ነው። እንግዲህ ሲሞቱ ጊታሩ ውስጥ ያለው ሽቦ አልተቆረጠም ነበር ማለት ነው። በቅርብ ተቀጥሏል፤ ከሞቱ በኋላ ደግሞ ተቆርጧል። ማንም ሰው ሁለቱን ጫፍ አሳምሮ በይዶ መሐሉን አይቆርጥም። የቀጠለው ሌላ፣ የቆረጠው ሌላ ነው።»

«የቆረጠው ማነው?» አሉ አቶ ኃይለ ሚካኤል።

«ጋሽ ዋሴ። ገብተው እስኪጮኹ አንድ ምጣድ ሽንብራ ተቆልቷል። ስምንት ብሎን ፈተዋል፤ ቸኩለው ሦስቱን ብቻ መልሰዋል። ሳይጠየቁም ጊታሩ ንጹሕ ነው ብለው ለመባ ነግረውታል።»

አቶ ዋሴ ከግድግዳው ተላቀቁ። «በቃ። አታድክሚን። የቀጠልሁትም እኔ ነኝ። የኋላሸትን አልረሳሁትም። አርባ ዓመት ጠበቅሁ። ያንን ልጅ ልቀቁት።»

የጠመንጃው ማቀባበያ ተሰማ። ባየች በሁለቱ ሽማግሌዎች መካከል ገብታ ቆመች።

«አያ ኃይለ ሚካኤል፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ልጨርስ። ከዚያ መንገድዎን አልዘጋም።» ፊቷን ወደ አቶ ዋሴ መለሰች። «ሽቦው ብቻውን ሰው አይገድልም። ሶኬቱ በቀይ ምልክቱ ከተሰካ የመሣሪያው ብረት ላይ ምንም የለም። የሞቱት ከምሰሶው የመጣው መስመር ስለተገለበጠ ነው። እርስዎ መገልበጡን በምን አወቁ?»

ሽማግሌው ዓይናቸውን አፈጠጡ። «መስመሩ ተገልብጦ ነበር?»

ሁሉም ወደ የኔነህ ዞሩ።

«ይኸው ነው» አለች ባየች በዝግታ። «መግደል የፈለገ ሰው ሁለቱንም ማወቅ ነበረበት። ጋሽ ዋሴ የመስመሩን አሁን ነው የሰሙት። የኔነህ መስመሩን ሲገለብጥ አላወቀም፤ በዝናብ ውስጥ ሁለት ጥቁር ሽቦ ቀጠለ። ጊታሩ ውስጥ ምን እንዳለም አይቶ አያውቅም። እሱ ባይገለብጠው የሽቦው መቀጠል ምንም አያደርግም ነበር። ሽቦው ባይቀጠል ደግሞ የሱ ስሕተት ለዓመታት ሳይታወቅ ይኖር ነበር። በዚህ ቤት ገዳይ የለም።»

«ታዲያ ሽቦውን ማን ቀጠለው?» አሉ አቶ ኃይለ ሚካኤል።

ባየች አፏን ከፈተች። ለሃያ ዓመት እንዲህ ላለው ጥያቄ ስትመልስ ኖራለች፤ ቃሉ ግን አልወጣላትም።

«ተቆርጦ ነበር?» አለች መስከረም።

«ዝም በይ፣ ልጄ» አሉ አቶ ዋሴ።

«ተንጠልጥሎ ነው ያገኘሁት። አሮጌ ሽቦ ነበር፤ በእርጅና የተበጠሰ መስሎኝ። ክሮቹ ከመሬት መስመሩ ጋር ሲገናኙ ጉርምርምታው ይቀንሳል። ማንም የሚያውቀው ነገር ነው። አሮጌውን አውጥቼ አዲስ አደረግሁለት።» እያንዳንዱን ቃል ለራሷ እንደምትናገር ትናገር ነበር። «ጸጥ ያለውን መርጦ ቢሆን አልነካውም ነበር። የሚያጉረመርመውን ስለመረጠ ነው። ለምን አልነገረኝም? ጋሽ ዋሴ፣ ለምን ቆረጠው?»

አቶ ዋሴ ምድር ላይ ቁጭ አሉ። «ሌላ ሰው እንዳይሞትበት ነበር። የኋላሸትን ከቀበርን ማግስት ቆረጠው፤ ስለዚያ ቀን ሁለተኛ አላወራም። አርብ ስከፍተው ያንቺን እጅ አወቅሁት። እንዳንቺ አድርጎ የሚበይድ የለም፤ ያስተማረሽ እሱ ነው። ከቆረጥሁት የእግዜር ሞት ይመስላል፣ አንቺም ሳታውቂው ትኖሪያለሽ ብዬ ነው። ሰው ይታሰራል አላልሁም።»

አቶ ኃይለ ሚካኤል ጥይቱን አወጡ፣ ጠመንጃውን ግድግዳ ላይ አስደገፉ። ወደ የኔነህ ሄደው ፊቱ ቆሙ።

«ደም የለብህም» አሉት። «ሳጅን፣ አንተም ስማ፤ ውጭ ላለው ዘመድም እኔው እነግራለሁ። ይህን ልጅ የነካ እኔን ነካ።»

«መስመሩን የገለበጥሁት እኔ ነኝ» አለ የኔነህ።

«ሰማሁ፣ ልጄ። ሂድ።»

የኔነህ አልሄደም። መስከረምን አያት። እሷ ወለሉን ታይ ነበር። አንድ ቃል ልትለው ብትችል ኖሮ ያን ጊዜ ነበር፤ አላለችውም። ከሰኔ ጀምሮ በመካከላቸው የቆመውን ሰው ሁለቱ፣ አንዱ ከምሰሶው አንዷ ከጊታሩ፣ ሳያውቁ ገድለውታል። መባ ክንዱን ይዞ አወጣው፤ አቶ ኃይለ ሚካኤል ሰው እንዳይነካው አብረውት ወጡ።

«ሰኞ ጣቢያ ይመጣሉ» አለች ባየች ለአቶ ዋሴ። «ማስረጃ አጥፍተዋል።»

«እመጣለሁ።»

ልትወጣ ስትል መስከረም ጠራቻት።

«ኢንስፔክተር፣ ድምፁን ሰምቶታል? ከመሞቱ በፊት። የመረጠውን ድምፅ።»

ባየች አርብ ቀትር ላይ ማስታወሻዋ ውስጥ በገዛ እጇ የጻፈችው ትዝ አላት። የጊታሩ የድምፅ መክፈቻ እስከ መጨረሻው ተዘግቶ ነበር። አቶ ያየህ ከመክፈታቸው በፊት ግራ እጃቸውን ክሩ ላይ አሳርፈዋል፤ ከዚያ ወዲያ ምንም አልሰሙም። በሦስት ቀን ውስጥ ከደረሰችበት ነገር ለዚህ ቤት ያልነገረችው እሱን ብቻ ነበር።

«ሰምተውታል» አለች።

«እርግጠኛ ነዎት?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

አቶ ዋሴ ከተቀመጡበት ቀና ብለው አዩዋት። ሽፋኑን ሲፈቱ መክፈቻው በእጃቸው ሥር ነበር፤ እሳቸውም ያውቃሉ። ወደ መስከረም ዞሩ።

«ስገባ እያጉረመረመ ነበር፣ ልጄ» አሉ። «ልክ እንደ ካሴቱ።»

መስከረም ራሷን ነቀነቀች። ከአርብ ጀምሮ አንድ ዘለላ እንባ ያልወጣት ልጅ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ማልቀስ ጀመረች። ባየች በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው።